ጣና ሲቆጣ ለደሴቶቹ ማን ይነግራቸዋል?

የአንገረብ ልጅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ?

ክረምቱ ሊገባ ነው። ሳይገባ አንድ ነገር ላይ እንጨቃጨቅ ብዬ ነው። «እግዜር ይጠብቀን» ብሎ ማለፍ አይበቃም። እሱማ ይጠብቀን፤ እኛስ?

ነገሩ የተነሳብኝ ስለ ቶንጋ ሳነብ ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴቶች አገር ናት። ጥር 2014 (በፈረንጆቹ 2022) ባሕር ውስጥ ያለ እሳተ ገሞራ ፈነዳና ሱናሚ አስነሳባት። ድምፁ አላስካ ድረስ ተሰማ። እኔን የያዘኝ ግን የገመዱ ነገር ነው። አገሪቱን ከውጭ የሚያገናኛት አንድ የባሕር ውስጥ ገመድ ብቻ ነበር፤ እሱም ተበጠሰ። ዋናዋ ደሴት ኢንተርኔቷ እስኪመለስ አምስት ሳምንት ገደማ ጠበቀች። ትንንሾቹ ደግሞ ከዚያም በላይ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ቀናት አለፉ።

ወደኛ ልምጣ። የጣና ደሴቶች ገዳም ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ደቅ ላይ እኮ ገበሬ አለ፣ ተማሪ አለ፣ ከብት አለ። ዳጋ፣ ናርጋ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ወደ ጎርጎራ ሲመጣ ደግሞ ገሊላ፤ ሁሉም ጋ ሰው ይኖራል። ከባድ ነፋስ እየመጣ ቢሆን ለእነዚህ ሰዎች ማን ይነግራቸዋል? በምን? ኔትወርክ ቢጠፋስ?

ሌላም አለ። የጎንደር ዝናብ ጎንደር አይቀርም። ቀሃም አንገረብም ወርደው መገጭ ይገባሉ። መገጭ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ስለዚህ ጎርፉን ቀድመን የምናየው እኛ ነን። አይተን ለማን እንደምንደውል ግን አናውቅም።

ፒያሳ ማኪያቶ

ወንድሜ፣ የኔ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንተ ስለ ሱናሚ ታወራለህ። ሃሃ።

ደግሞስ ደቅ በአስተዳደር የባሕር ዳር ወገን አይደል እንዴ? እነሱ ያስቡበት።

የአንገረብ ልጅ

እኔም የምለው እሱን ነው። የሚዘንበው አንዱ ዞን፣ ውሃው የሚተኛው ሌላው ዞን። ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ሲዞር ጎርፉ መጥቶ ሄዷል።

ባለጀልባው

ስለ ውሃው እኔ ልናገር፣ እንጀራዬ ነው።

መጀመሪያ ሱናሚ የሚባለውን እርሱት። ጣና ትልቅ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ጥልቀቱ ግን ብዙ አይደለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ክፉው ነፋስ ነው። ጠዋት ረጭ ብሎ የምታዩት ውሃ ከቀትር በኋላ ሌላ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይነሳል፣ ሞገዱም አጭርና ተደራራቢ ነው። የሞተር ጀልባ ይችለዋል። የደንገል ታንኳ ግን ምን ያድርግ? ዓሣ አጥማጁ አሁንም በታንኳ ነው የሚወጣው።

ሰው በብዛት የሚቸገረው በበዓል ቀን ነው። ታቦት ለማንገሥ የሚሄድ ምእመን ጀልባው ላይ ከልኩ በላይ ይሳፈራል። «አባባ፣ አንድ ሰው ብቻ» ይሉሃል። ላይፍ ጃኬት ስጣቸው፣ ነጠላ ላይ አይለበስም ብለው ይቀመጡበታል። ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ የምትሉት ከዚህ ይጀምር።

እምቦጩንም አትርሱ። በሰሜን ዳርቻ በኩል ጀልባ የሚጠጋበትን ቦታ ይዘጋዋል። ነፋስ ሲነሳ ሮጠህ የምትገባበት ወደብ እምቦጭ ሞልቶት ብታገኘውስ?

ፊዚክስ መምህር

ባለጀልባው ጋሼ፣ ነፋሱን በደንብ አስረዱን፣ እናመሰግናለን። እኔ መብረቁን ልጨምር። ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የእርስዎ ጀልባ ነው።

ይህን ለልጅ ማስተማር ይቻላል፣ መሣሪያም አይፈልግም። ብልጭታውን ካየህ ጀምረህ ቁጠር። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 30 ሳትደርስ ነጎድጓዱን ከሰማህ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው፤ ከውሃ ውጣ። ከዛፍ ሥር ግን አትጠለል። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማህ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለስ። ብዙ ሰው የሚመታው ዝናቡ «አለቀ» ሲባል ወጥቶ ነው።

ስለ ሐይቁ ከፍታ ደግሞ አንድ ነገር። ጣና በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል ይወርዳል። የሚሞላው ክረምቱ ሲያልቅ ነው፣ መስከረም ላይ። ቀስ ብሎ ስለሚሞላ ደግሞ ሊታወቅ ይችላል። የመገጭ ጎርፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ታች ደንቢያ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ሰዓታት ቆይቶ ውሃው ይመጣል። የሚያስፈልገንም ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለአንዱ ሳምንታት አለን፣ ለአንዱ ሰዓታት።

የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም ነው። መውጫው ላይ ጨረጨራ ግድብ ከ1988 ጀምሮ አለ። ከ2002 ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ ውሃውን በዋሻ ወስዶ መብራት ያመነጫል። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ዳርቻው ላይ ለሚያርሰው ገበሬ ቀድሞ መነገር ነበረበት ባይ ነኝ።

ቆላ ድባ

1998ን የሚያስታውስ አለ? ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ እኛ ደንቢያ፣ ሁሉም ውሃ ሆነ። በዚያው ክረምት ድሬዳዋ ላይ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 ሰው በላይ ወሰደ። እኛ ጋ ውሃው ሲመጣ ሰው ያየው በዓይኑ ነው እንጂ በሬዲዮ አልሰማም። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከቤታችን እስከ መንገዱ ድረስ ደሴት ሆነን ነበር። ስለዚህ «የደሴት ሕዝብ» ስትሉ እኛንም ቁጠሩን፣ ክረምት ክረምት።

ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ ከወንዝ ማዶ። እዚህ ቴክኖሎጂው ሞልቶ ሳለ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሃዋይ ደሴት ናት። ወደ 400 የሚጠጉ የማስጠንቀቂያ ሳይረኖች አሏት፣ በየወሩም ይሞከራሉ። በ2023 ነሐሴ (በፈረንጆቹ) ማዊ ደሴት ላይ ላሃይና የምትባለው ከተማ በእሳት ስትጋይ ግን አንዱም አልጮኸም። ከ100 ሰው በላይ አለቀ። ኃላፊው ሲጠየቅ ሰው ሳይረን ሲሰማ ሱናሚ ነው ብሎ ወደ ተራራው ይሸሽ ነበር፣ እሳቱ ደግሞ በተራራው በኩል ነበር አለ። በማግስቱ ከሥራው ለቀቀ።

እዚያው ሃዋይ በ2018 ጥር (በፈረንጆቹ) ላይ ደግሞ «ሚሳኤል እየመጣ ነው፣ ልምምድ አይደለም» የሚል መልእክት በየስልኩ ገባ። ውሸት ነበር። ውሸት መሆኑን የሚገልጽ ሁለተኛ መልእክት እስኪላክ 38 ደቂቃ ፈጀ። እስቲ አስቡት፣ 38 ደቂቃ ልጅህን አቅፈህ።

አንድ ጊዜ መጮህ ሲገባው ዝም አለ፣ አንድ ጊዜ ዝም ማለት ሲገባው ጮኸ። ዕቃው በሁለቱም ጊዜ ደህና ነበር።

ፒያሳ ማኪያቶ

ምነው ሸዋ! 400 ሳይረን ይዘው! እኛ ሰፈር የእድሩ ጡሩንባ አንድ ናት፣ አንድም ቀን ሳትነፋ ቀርታ አታውቅም።

ሳሮን ዘማራኪ

ፒያሳ፣ ቀልድህ ውስጥ ቁም ነገር አለ። ጡሩንባ ነፊው የሚነፋው የማን ሥራ እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው። ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ስሜሉዌ የምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት አለች። በ1907 (በፈረንጆቹ) ሱናሚ ፈጅቷት ነበር። የተረፉት ለልጆቻቸው ነገሩ፣ ልጆቹ ለልጆቻቸው፤ በእሹሩሩ ሳይቀር። መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ባሕሩም ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ዓሣ ልልቀም ሳትል ወደ ኮረብታ ሩጥ። በቃ ይሄው ነው። በ2004 ታኅሣሥ (በፈረንጆቹ) ታላቁ ሱናሚ ሲነሳ ደሴቷ ከመንቀጥቀጡ መነሻ አጠገብ ነበረች። ውሃው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ሳይረን የለ፣ ስልክ የለ። ወደ 78,000 ከሚሆነው ሕዝብ የሞተው ሰባት ሰው ነው። ማዶ አቼ ላይ ከ160,000 በላይ አልቋል።

የኛ ሽማግሌዎች ስለ ጣና የሚያውቁትን ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

ባለጀልባው

ልጄ፣ ተባረኪ። እኔም ከአባቴ የተማርኩት አለ። ደመናው ከየት በኩል እንደጠቆረ ሳላይ ገመድ አልፈታም። የአሁን ልጆች ግን ሞተሩን አምነው ሰማዩን አያዩም።

ፊዚክስ መምህር

ሳሮን፣ ታሪኩ ግሩም ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። የሱናሚ ምልክት ለመቶ ዓመት አይቀየርም። የዝናብ ምልክት ግን እየተቀየረ ነው። የሽማግሌውን እውቀት ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ጋር አብሮ መያዝ ይሻላል፤ አንዱን ጥሎ አንዱን አይሆንም።

ዲያቆን ነኝ

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ስለ ደወል ላንሳ።

አያቶቻችን እሳት ሲነሳ፣ ጠላት ሲመጣ ሕዝብ የሚጠሩት በደወል ነበር። ድርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል ይሄን ከተማ ምን እንዳገኘው ታውቃላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የየብስ አድባራት ንዋየ ቅድሳት የሚሸሸው ወደ ጣና ደሴቶች ነው። ዛሬ ግን እዚያ ያለው ቅርስ ራሱ መሸሻ የለውም። ሣር ክዳን፣ ጧፍ፣ የብራና መጽሐፍ፣ መብረቅ። እሳት ማጥፊያ መኪና ደግሞ ውሃ ላይ አይሄድም። ዐፄ ፋሲል እንኳ ያረፉት ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። እኛ ግንቡን እየጎበኘን ፎቶ እንነሳለን፣ አጽማቸው ያለበትን ቦታ ማን ይጠብቅ ብለን አናውቅም።

ደወሉ ግን ያለ ሥርዓቱ አይመታም። ለቅዳሴ አለ፣ ለሌላውም አለ። ከሜሪላንድ የጻፉት ወንድማችን እንዳሉት፣ ሰው ድምፁን ሰምቶ ሌላ ነገር ከመሰለው ጉዳቱ ይብሳል። አመታቱ የተለየ መሆን አለበት። ያንን የሚወስኑት አበው ናቸው፤ ከተማ ተቀምጠን እኛ አንወስንላቸውም።

ሲስተር በሰላም

ነርስ ነኝ። ጎርፍ ስትሉ ውሃው ከሄደ በኋላ የሚመጣውን እኔ አያለሁ። መጸዳጃው ከጉድጓድ ውሃው ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ አተት ነው። ኮሌራ በሉት ወይ አተት በሉት፣ ሰውን በሰዓታት ይጨርሳል። ደሴት ላይ ያለ ሰው ሐኪም ቤት ለመድረስ ጀልባ ይጠብቃል፣ ጀልባው ነፋስ ይጠብቃል። ስለዚህ ውሃ አጋርና የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ክረምቱ ሳይገባ እዚያው መቀመጥ አለበት። ጎርፍ ከመጣ በኋላ ስብሰባ ተጠርቶ መላኩ ለማንም አይጠቅምም።

907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ትጠራላችሁ። መኪና ነው፣ ሐይቁ ዳር ይቆማል። ነፍሰ ጡር እናት ሌሊት ምጥ ቢይዛትና ማዕበል ቢሆንስ? ወሯ ሲገባ ወደ የእናቶች ማቆያ ትምጣ። ይሄም ቅድመ ዝግጅት ነው እኮ።

ቢሮ ነው የምውለው

ስሜን አልጽፍም፣ ከአደጋ ሥራ ጋር የተያያዘ ቢሮ ውስጥ ነኝ።

የተባበሩት መንግሥታት በ2022 መጋቢት (በፈረንጆቹ) ማስጠንቀቂያ በ2027 መጨረሻ ለሁሉም ሰው ይድረስ የሚል እቅድ አውጥቷል። አራት ነገር ይጠይቃል። አደጋውን ማወቅ፣ መከታተልና መተንበይ፣ መልእክቱን ማድረስ፣ ሰው ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ማዘጋጀት። 24 ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ጉዳቱን በ30 በመቶ ይቀንሳል ይላሉ።

እኔ የማየው መጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ወርክሾፕ ይበዛል። ሆቴል፣ አበል፣ ባነር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ «ለወረዳው ተገልጿል» ይባላል። ወረዳው ለቀበሌው ይገልጻል። ቀበሌው ለማን እንደገለጸ ማንም አይጠይቅም። ተገለጸ ማለት ሪፖርቱ ተሞላ ማለት ነው።

ፒያሳ ማኪያቶ

አበሉን ለኔ ስጡኝና በታንኳ ቀዝፌ ልንገራቸው።

ከሜሪላንድ

ፒያሳ፣ ባንግላዴሽ ያደረገችው እሱን ነው ብልህስ?

በ1970 (በፈረንጆቹ) ቦላ ደሴትና አካባቢዋን የመታ ማዕበል ቢያንስ 300,000 ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1972 መንግሥትና ቀይ ጨረቃ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ከ76,000 በላይ ናቸው፣ ግማሾቹ ሴቶች። ያላቸው ሜጋፎን፣ በእጅ የሚዞር ሳይረንና ባንዲራ ነው። አደጋው በከፋ ቁጥር የሚሰቀለው ባንዲራ ይጨምራል። ማንበብ የማይችልም ያየዋል። እነዚህ ሰዎች በየቤቱ እየሄዱ ይናገራሉ። የሰፈር ልጅ ስለሆኑም ይታመናሉ። በ2020 ከባድ ማዕበል ሲመጣ 2.4 ሚሊዮን ሰው አስቀድሞ ተነሳ። የሞተው በአሥር ቤት ነው የተቆጠረው።

ሴቶቹ ለምን እንደበዙ ልንገራችሁ። በ1991 (በፈረንጆቹ) ማዕበል ከወንድ ይልቅ ብዙ ሴት አለቀች። ወንድ የሚጮህበት፣ ወንድ የሞላበት መጠለያ መግባት ከበዳቸው፤ ባል እስኪመጣ ቤት ጠበቁ።

ሳሮን ዘማራኪ

ይሄ ወደኛ ሲመጣ ከባድ ጥያቄ ነው። ዳጋና ክብራን ሴት የማይገባባቸው ገዳማት ናቸው። ሴቶችና ልጆች የያዘ ጀልባ በማዕበል ተይዞ ቢጠጋስ? በክፉ ልብ አይደለም የምጠይቀው።

ዲያቆን ነኝ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ለነፍስ ሲባል አበው የሚሉት አይታጣም። ግን ማዕበሉ መካከል ሆኖ ሳይሆን ዛሬ፣ ውሃው ረጭ ባለበት ጊዜ ነው መጠየቅ ያለበት። ባለጀልባዎቹም መልሱን ቀድመው ይወቁት።

ባለጀልባው

ልክ ነህ። እኛ የምንፈራው መልሱን አለማወቁን ነው።

የአንገረብ ልጅ

እስካሁን የተባለውን ሳየው ገንዘብ የሚፈልገው ትንሹ ክፍል ነው። ብዙው «ማነው የሚደውለው» ነው። እስቲ ተራ በተራ እንያዘው። በባሕር ዳር መንገድ ላይ ካለው የመገጭ ድልድይ አጠገብ የሚኖር፣ ውሃው ሲሞላ የሚያይ ሰው እዚህ መድረክ ላይ አለ?

አዘዞ አውቶቡስ ተራ

እኔ በየቀኑ አልፋለሁ፣ ሹፌር ነኝ። ዓምዱ ላይ ምልክት ቢቀባ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ እያልኩ መናገር እችላለሁ። ያለ ምልክት ግን «ሞልቷል» ብል የኔ ሙላትና የሌላው ሙላት አንድ አይሆንም። ማታ ደግሞ አልሠራም፣ ለማታ ሌላ ሰው ይፈለግ።

ቢሮ ነው የምውለው

ቀለም የሚቀባው የውሃ ባለሙያ ለክቶ መሆን አለበት፣ እንዲሁ በግምት አይሆንም። እሱን እኔ ውስጥ ለውስጥ እጠይቃለሁ። መልስ ካጣሁ እዚሁ መጥቼ እጽፋለሁ።

ፊዚክስ መምህር

ለደሴቶቹ በስልክ ብቻ አትተማመኑ። ቶንጋን አስታውሱ። በፀሐይ የሚሠራ ሬዲዮ አንድ እንኳ ከደወሉ ቤት አጠገብ ይኑር። የሚደወልለትም አንድ ሰው አይሁን። ያ ሰው ገበያ ቢወጣስ?

ቆላ ድባ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን ማንም ያላነሳው አለ። በሬውስ?

አባቴ በ1998 ውጣ ሲባል አልወጣም። ሁለት በሬና አንድ ላም ነበረው። ገበሬን በሬህን ትተህ ውጣ ስትለው ከነሕይወትህ ሙት እያልከው ነው። ደወል መታችሁ፣ ሜጋፎን ነፋችሁ፣ ባንዲራ ሰቀላችሁ፣ አባቴ ያው እዚያው ነው።

ከሜሪላንድ

ልክ ብለሃል። ባንግላዴሾችም ይሄው ገጥሟቸዋል። ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ሠርተው ከብቱ የሚወጣበት ቦታ አዘጋጁ። ከብቱ ሲድን ሰውዬውም ተከትሎ ይወጣል።

ቆላ ድባ

እኛ ጋ ከፍ ያለው የትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። ርእሰ መምህሩ ግን ከብት አላስገባም ይላል። ባለፈው ያስተከለው ችግኝ አለ።

ሲስተር በሰላም

ሰውና ከብት አንድ ግቢ ካደረጋችሁ የመጠጥ ውሃው በሌላ በኩል ይሁን፣ አደራ።

ሳሮን ዘማራኪ

የትኛው ትምህርት ቤት ነው? በውስጥ ጻፍልኝ። የማውቀው ርእሰ መምህር ከሆነ የክርስትና አባቴ ነው፣ እኔ አናግረዋለሁ። ችግኙን ከብቱ ቢበላው ማን ይተካዋል ብሎ መጠየቁ ግን አይቀርም፣ መልስ ይዛችሁ ጠብቁኝ።